ሆዷ ገና ሳይገፋ

በእኛ አገር እርግዝና ቶሎ አይወራም። ሆድ ገፍቶ ራሱ እስኪናገር ድረስ የሚያውቁት ባልና ሚስቱ፣ ሲበዛ የልጅቷ እናት ናቸው። ጎረቤት፣ ዕድርተኛና የሥራ ባልደረባ የሚሰማው ከአራትና ከአምስት ወር በኋላ ነው። ምክንያቱ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ዓይን ይፈራል፣ አፍ ይፈራል፤ ከሁሉ በላይ ግን «አረገዘች» ተብሎ ከተወራ በኋላ ጽንሱ ቢጨናገፍ የሰዉ ጥያቄ ይፈራል። ከሃያ ዓመት በላይ በአዋላጅ ነርስነት ስሠራ ይህን ልማድ «ኋላ ቀር» የሚል ባለሙያ ብዙ ገጥሞኛል። እኔ እንደዚያ አልልም። ጽንስ አብዝቶ የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መሆኑን አያቶቻችን ያለ አልትራሳውንድ ደርሰውበት ነበር፤ ዝምታቸውም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ከጎረቤት የተደበቀው እርግዝና ከጤና ጣቢያም አብሮ ይደበቃል። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ከወለዱ 100 እናቶች መካከል 74ቱ በእርግዝናቸው ወቅት ቢያንስ አንድ ጊዜ በጤና ባለሙያ ታይተዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ግን 28ቱ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ከ12 ሳምንት በፊት እንዲሆን ይመክራል። እኔ ዘንድ የሚመጡት አብዛኞቹ ግን ካርድ የሚያወጡት ሆዳቸው ቀሚስ መግፋት ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ብዙ የምንሠራው ሥራ አለ፤ ያለፈብን ነገርም አለ።

ይህን ጽሑፍ ለነፍሰ ጡሯ ብቻ ሳይሆን ለእናቷ፣ ለአማቷና ለባሏ የምጽፈው ስለዚህ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ምስጢሩን የያዙት እነሱ ብቻ ናቸው። ምን እንደምትበላ፣ ሲያማት ወዴት እንደምትሄድ፣ የትኛውን ክኒን እንደምትውጥ የሚወስኑትም ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

እስቲ ሳምንቶቹን እንቁጠራቸው። እርግዝና የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንስቶ ነው። ስለዚህ የወር አበባ በቀረበት ቀን እርግዝናው አራት ሳምንት ሞልቶታል ማለት ነው። የሕፃኑ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከተጸነሰ 28 ቀን ገደማ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ስድስተኛው ሳምንት ላይ ይውላል። የልብም መሠረት የሚጣለው በእነዚሁ ሳምንታት ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ የወር አበባዋ ገና ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የዘገየባት፤ ምናልባትም «ብርድ መትቶኝ ይሆናል» እያለች ነው።

ቱቦው በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍተት ኖሮት፣ አንዳንዴም የራስ ቅሉ ሳይሞላ ይወለዳል። ይህን ችግር በብዙ የሚቀንሰው ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ነው፤ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከተቻለ ከመጸነሷ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ተጀምሮ እስከ ሦስተኛው ወር። በጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡሮች የምንሰጠው የአይረን ክኒን ውስጥም አለ፤ ግን ክትትል ያልጀመረች ሴት ከየት ታገኘዋለች? በአምስተኛ ወሯ ስትመጣ አይረኑ ለደሟ ይጠቅማታል፣ ለቱቦው ግን ጊዜው አልፏል። ለጎመንና ለምስር ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ ከምግብ ብቻ የሚበቃውን ያህል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ሕፃን የወለደች እናት ደግሞ የሚያስፈልጋት መጠን አሥር እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ እንደገና ከማርገዟ በፊት ሐኪም ያዝላት።

ልጆቻቸውን የሚድሩ እናቶች ለሠርጉ ቅመምና ቅቤ ሲያሰናዱ ለወራት ይደክማሉ። ከዚያ ዝግጅት መሐል ለሙሽሪት «ፎሊክ አሲድ ጀምሪ» የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር ወጪዋ ከአንድ ኪሎ በርበሬ አይበልጥም።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። የእርግዝና መጀመሪያ የራሱ ስሜት አለው፤ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ጥላቻ፣ አንዳንዴም ቀለል ያለ የሙቀት ስሜት። በአዲስ አበባ እነዚህን ስሜቶች ይዞ ክሊኒክ ለገባ ሰው የተዘጋጁ ሦስት ስሞች አሉ፤ ታይፎይድ፣ ታይፈስና ጨጓራ። አንድ ጊዜ አንዲት ወጣት ከአማቷ ጋር መጣች። በእጇ የያዘችው ፌስታል ሙሉ መድኃኒት ነበር። አንዱ ክሊኒክ «ታይፎይድ ነው» ብሎ ሲፕሮፍሎክሳሲን ሰጥቷታል። ማቅለሽለሹ ስላልተዋት ሌላው «የጨጓራ ባክቴሪያ ነው» ብሎ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና የጨጓራ እንክብል ጨመረላት። ሦስተኛው ደግሞ ራጅ እንድትነሣ አዘዘ። የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን የጠየቃት የለም። እሷም አልተናገረችም፤ በየክሊኒኩ አማቷ አብረዋት ይገቡ ነበር፤ አማቷ ደግሞ ገና አልተነገራቸውም።

«እማማ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ውጭ ይጠብቁን» አልኳቸው። በሩ እንደተዘጋ ልጅቷ «ሲስተር፣ ሁለተኛ ወሬ ነው መሰለኝ» አለችኝ።

በብዙ ክሊኒኮች ለታይፎይድ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አያሳይም። የሚያሳየው ሰውነት ለባክቴሪያው ያዘጋጀውን መከላከያ ነው። ስለዚህ ከዓመታት በፊት የታመመች ወይም በሌላ ኢንፌክሽን የተነካች ሴት ዛሬ «አለብሽ» ልትባል ትችላለች። እርግጠኛው መንገድ ባክቴሪያውን ከደም ላይ አሳድጎ ማየት ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ በየክሊኒኩም አይሠራም። ሲፕሮፍሎክሳሲን በእርግዝና ወቅት ተመራጭ አይደለም። ለታይፈስ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊንም በተለይ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ የልጁን ጥርስ የሚያበልዝ በመሆኑ ነፍሰ ጡር እንዳትወስደው ይመከራል።

ይህን ያነበበች እናት ግን እንዳትደነግጥ። ሳታውቅ ሲፕሮ የዋጠች ሴት ልጇ ተጎድቷል ማለት አይደለም፤ የደረት ራጅም የሚለቀው ጨረር እጅግ ጥቂት ነው። ያቺ ወጣት ጤነኛ ሴት ልጅ ወልዳለች። በዚህ ፍርሃት ጽንሱን ለማቋረጥ የሚሯሯጡ አጋጥመውኛል፤ ከማንም ውሳኔ በፊት ሐኪም ማማከር ይገባል። በሌላ በኩል፣ «ነፍሰ ጡር መድኃኒት አይነካም» ብሎ እውነተኛ ታይፎይድን ወይም ሳንባ ነቀርሳን ሳይታከሙ መተው ከመድኃኒቱ የባሰ አደጋ ነው። ለሁለቱም በእርግዝና ወቅት የሚሰጥ ሕክምና አለ። ሐኪሙ ትክክለኛውን እንዲመርጥ የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «የወር አበባዬ ቀርቷል»። እናቶችና አማቶች ደግሞ ያ ዓረፍተ ነገር እንዲነገር ለሁለት ደቂቃ ከክፍሉ ወጣ ይበሉ።

ማቅለሽለሹን በተመለከተ፣ ጠዋት ደረቅ ነገር ቀምሶ መነሣት፣ በትንሽ በትንሹ መብላት፣ ዝንጅብል መጠጣት ብዙዎችን ይረዳል። ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ አልረጋ ካላት፣ ሽንቷ ከጠቆረና ከቀነሰ ግን «የወንድ ነው፣ የሴት ነው» እያሉ መገመት አያዋጣም፤ ግሉኮስ ያስፈልጋታል።

ትኩሳት የሚያስቸኩል ጉዳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚከሰት ከፍተኛ ሙቀት በራሱ ለዚያ ለቱቦው አይመችም። ስለዚህ «ያልበኝና ይውጣልኝ» እያሉ በጋቢና በብርድ ልብስ መከመር፣ ወይም ስቲም ባዝ መግባት ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ቀዝቀዝ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ ማበስና በመጠኑ የሚወሰድ ፓራሲታሞል ይበቃል። ለሕመም ቶሎ የምትወጋው ዲክሎፌናክ፣ ወይም አይቡፕሮፌን፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይወሰድም። ከዚያ የትኩሳቱን ምንጭ መፈለግ ነው።

ከምንጮቹ መካከል ወባን ማስቀደም ያለብን ይመስለኛል። የአዲስ አበባ ሰው ወባን የቆላ ሰው በሽታ አድርጎ ያያል። እውነት ነው፣ ወባ በብዛት የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው። ነገር ግን አርባ ምንጭ ለሠርግ፣ መተሐራ ለቤተሰብ ጥየቃ፣ ባሕር ዳር ለሥራ የሄደች ሴት ትንኝ ነክሷት ትመለሳለች፤ ትኩሳቱ የሚጀምራት ግን ከተመለሰች ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ቤቷ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ጉንፋን ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸው ሲታወስ፣ ትኩሳት ያላትን ነፍሰ ጡር «ሰሞኑን የት ሄደሽ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የቤተሰቡም ሥራ ነው።

የወባ ተውሳክ፣ በተለይ ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት፣ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ይሸሸጋል። እናትየው የደም ማነስ ይይዛታል፣ ጽንሱ ሊጨናገፍ፣ ወይም ልጁ ከክብደት በታች ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ከዚህ ቀደም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የምንሰጠው ኪኒን ነበር፤ ጆሮ የሚያጮኸውን፣ አፍ የሚያመርረውን ያንን መድኃኒት ብዙ ሴቶች ሳይጨርሱት ይተውት ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ሕዝባችን «ኮአርተም» እያለ የሚጠራው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ መክሯል። ቫይቫክስ ለሚባለው ዓይነት ክሎሮኪን ይሰጣል። ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ የማይሰጠው ፕሪማኩዊን ነው፤ ስለዚህ ጎረቤት ለራሱ ታዝዞለት የተረፈውን የወባ ክኒን ለእሷ ማካፈል የለበትም። ወደ ቆላ የግድ የምትሄድ ከሆነ አጎበሩ ከሻንጣው ይግባ፤ ሆቴል የሚያርፉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፣ ይሳቁ።

ወጥ ቤት እንግባ። እዚህ ላይ ከአማቶች ጋር የምጣላበት አንድ ርእስ አለ፤ ጥሬ ሥጋ። ነፍሰ ጡር ያማራትን ካልበላች በልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ «ክትፎ አማረኝ» ካለች ቤተሰቡ ማታም ቢሆን ተነሥቶ ይፈልግላታል። ፍቅሩን እወደዋለሁ፤ አምሮት የሚያወጣው ምልክት ግን የለም፤ ጥሬው ሥጋ የሚያመጣው ጣጣ ግን አለ። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ በበግ፣ በፍየልና በከብት ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። እናትየዋን ሲይዛት ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማትም፤ ቢበዛ ጉንፋን የመሰለ ድካም ነው። ወደ ጽንሱ ካለፈ ግን ዓይኑንና አንጎሉን ይጎዳል። የእርግዝናው መጀመሪያ ላይ ተውሳኩ ወደ ጽንሱ የማለፍ ዕድሉ ዝቅተኛ ቢሆንም ካለፈ የሚያደርሰው ጉዳት የከፋ ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን በልጅነታችን ይዞን ስለተወን ሰውነታችን ያውቀዋል፤ በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዛት ሴት ናት የምታሰጋው። የትኛዋ እንደሆነች ግን በዓይን አይለይም።

ስለዚህ ክትፎው ይምጣ፣ ግን ይብሰል። ለብለብ ማለት መብሰል አይደለም፤ ውስጡ ቀይነቱ እስኪጠፋ ድረስ ነው የምለው። ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበትም፤ በበዓል ቀን በብዛት የሚዘነጋው ይህ ነው። ጎመኑ፣ ቃሪያውና ቲማቲሙ ጥሬውን የሚበላ ከሆነ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ድመቷን ከቤት ማባረር አያስፈልግም፤ ዓይነ ምድሯን የሚያጸዳው ሌላ ሰው ይሁን፣ በየቀኑም ይጸዳ፤ ተውሳኩ ሰው ለመያዝ የሚደርሰው ከአንድ ቀን ቆይቶ ነውና። ልጅቷ ጓሮ ስትኮተኩት ጓንት ታድርግ ወይም እጇን በሳሙና ትታጠብ።

የጥሬ ሥጋ ሌላው ትሩፋት የኮሶ ትል ነው። ይህ ለጽንሱ ከቶክሶፕላዝማ ያነሰ አደጋ ነው፤ አደጋው ያለው መድኃኒቱ ላይ ነው። ኮሶ መጠጣት ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል፤ ይህን የቀድሞ እናቶቻችንም ያውቁታል። የዘመናዊው የትል መድኃኒትም ቢሆን ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ነው የሚሰጠው። ጤና አዳምም ተጨምቆ በብዛት ሲጠጣ ማህፀን ሊያኮማትር ስለሚችል ለሆድ ቁርጠት ተብሎ ለነፍሰ ጡር አይሰጥ።

ወተት ይፈላ። በማለዳ ከጎረቤት ላም ታልቦ የመጣ ወተት ንጹሕ ቢመስልም ብሩሴላና ሊስቴሪያ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ሁለቱም ትኩሳት አስይዘው ጽንስ ያስወርዳሉ። ካልፈላ ወተት የተዘጋጀ እርጎም እንደዚያው ነው። ስለ ጾም እኔ የምፈርደው የለኝም፤ ክርስቲያኗ የነፍስ አባቷን፣ ሙስሊሟ የሃይማኖት አባቶቿን ብታማክር ሁለቱም ዘንድ ለነፍሰ ጡር የሚሆን መልስ እንዳለ ግን አውቃለሁ።

አሁን ስለ ሽንት። ነፍሰ ጡር ሽንት ቶሎ ቶሎ ይላታል፤ ይህ ጤናማ ነው። ሲያቃጥላት፣ ሲደፈርስ፣ ወገቧን ሲወጋት ግን ጤናማ አይደለም፤ «ብርድ ነው» ብሎ ማለፍም አይገባም። የሚገርመው ምንም ስሜት ሳይኖራት ሽንቷ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገኝባት ሴት መኖሯ ነው። ያልተረገዘች ብትሆን ብዙ ጊዜ ሳንነካው እንተወው ነበር። በእርግዝና ወቅት ግን ወደ ኩላሊት የመውጣት ዕድሉ ስለሚጨምር ይታከማል፤ የኩላሊት ኢንፌክሽን ደግሞ ያለጊዜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል። ሳይሰማት ምርመራ የምናዝላት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ከምንወስደው ደም የኤች አይ ቪ፣ የቂጥኝና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ እንሠራለን። ሦስቱም ሳይታወቁ ለዓመታት ሊኖሩ የሚችሉ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ናቸው። በኤች አይ ቪ ረገድ ያለ ምንም ሕክምና ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45ቱ ሊያዙ ሲችሉ፣ እናትየው መድኃኒቷን በትክክል ከወሰደች ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ቂጥኝ እንደ ድሮ በሽታ ስለሚታይ ስሙ ሲጠራ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ልጅ በማህፀን ውስጥ እንዲሞት የሚያደርግ ሆኖ ሳለ በፔኒሲሊን መርፌ የሚድን በሽታ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ላለባት እናት ደግሞ ልጇ እንደተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚከተበው ክትባት አስቀድሞ ይዘጋጅላታል። በቂጥኝ ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚያበላሽብን ባል ነው። ሚስቱ ታክማ እሱ ካልታከመ በሽታው ተመልሶ ይመጣል፤ «እሷ ከታየች ይበቃል» የሚሉ ባሎች ይህን ቢረዱልኝ ደስ ይለኛል። አማቶችንም አንድ ነገር ልለምናቸው፤ እስከ ጤና ጣቢያው በር ያድርሷት፣ የደሙን ውጤት ግን አይጠይቋት።

አያቶች ዘንድ የልጅ ልጆች ይሰበሰባሉ። ከመካከላቸው ሽፍታና ትኩሳት ያለበት ሕፃን ካለ፣ ገና ያረገዘችው ልጅ እንዳታዝለውና እንዳታስተኛው ሰበብ ፈልጉላት። ሩቤላ የሚባለው ከኩፍኝ ቀለል ያለ የሚመስል ሽፍታ ሕፃኑን ብዙም አያስቸግረውም፤ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ያለች ነፍሰ ጡርን ከያዘ ግን ወደ ጽንሱ የማለፍ ዕድሉ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል፣ የልጁን ጆሮ፣ ዓይንና ልብ ይጎዳል። ክትባቱ ከእርግዝና በፊት እንጂ በእርግዝና ወቅት አይሰጥም።

ስለ ደም ሳልናገር ብቀር ሥራዬን አልጨረስኩም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት ደም የሚታያት ሴት ብዙ ናት፤ ከእነሱም ብዙዎቹ እርግዝናቸው ይቀጥላል። «እግርሽን ሰቅለሽ ተኚ» ብሎ መተው ግን አይቻልም። ደሙ ከሆድ በአንድ ጎን ካለ ኃይለኛ ሕመም፣ ከማዞር ወይም ከመሳት ጋር ከመጣ ጽንሱ ከማህፀን ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ቱቦው ከፈነዳ ወደ ውስጥ የሚፈሰው ደም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ በዚህ ጊዜ በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ነው የሚኬደው። ጽንሱ ወርዶ ከሆነና ትኩሳት ወይም መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ካለ ማህፀኑ ተመርቅዟል ማለት ነው፤ እንዲነጋ አይጠበቅም። ልጅቷ ያፈረችበት ነገር ቢኖርም ባይኖርም በዚያ ሌሊት የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ሾተላይ። እናቶቻችን የመጀመሪያውን ልጅ በሰላም ወልዳ ቀጣዮቹ የሚሞቱባትን ሴት «ሾተላይ አለባት» ይሉ ነበር። ብዙዎች ጠበል ለጠበል ተንከራተዋል፣ ትዳራቸውም ፈርሷል። ዛሬ የብዙው ምክንያት ይታወቃል። የእናትየዋ ደም አር ኤች ኔጌቲቭ ሆኖ የጽንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ ወይም በውርጃ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እሷ ከገባ ሰውነቷ መከላከያ ይሠራበታል፤ ያ መከላከያ የሚቀጥለውን ጽንስ ደም ያጠፋል። የሚከለክለው መርፌ አለ፤ በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ እንዲሁም ከወለደች፣ ካስወረዳት ወይም ደም ከፈሰሳት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወጋ ነው። መከላከያው አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን መርፌው አይጠቅምም። በሁለተኛና በሦስተኛ ወር የወረደ ጽንስ «ገና ምን ደርሶ» ተብሎ በዝምታ ሲታለፍ፣ ከዝምታው ጋር የሚያልፉት እነዚያ 72 ሰዓታት ናቸው። መርፌው በየፋርማሲው አይገኝም፣ ዋጋውም ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። የደም ዓይነቷ በመጀመሪያው ቀጠሮ ከታወቀ ግን ቤተሰቡ ገንዘቡን ለማጠራቀምና መርፌው የት እንዳለ ለማፈላለግ ወራት ያገኛል።